ሐረጎን መውረድ

ኮምቦልቻ መውጫ፣ ከቆርቆሮው ጥላ፣
ቀይ አልፋ ቆማለች ጎማዋን ተነቅላ፤
ሃያ ዓመት ሙሉ ዶሮ ያደረባት፣
ለእሑዱ ሰርግ ሙሽሪት ሊጭኑባት።

«ሽቅቡን ግድ የለም፣ ሞተር ያወጣታል፤
ቁልቁል ሐረጎ ላይ ማን ይይዝላታል?»
አለ አሊጋዝ፣ ፖምፓውን እየከፈተ፤
ጎሚኒው እንደ ደረቅ ጠፍር እጁ ላይ ተንኮታኮተ።

አዲሱን ከሻይ ቆርቆሮ አወጣና፣
«ቤንዚን እንዳይነካው፣ ያብጣል» አለና፣
በፍሬን ዘይት አጠበው፣ ልክ እንደ ሕፃን ገላ፤
እኔ መሪው ጋ ሆኜ፣ እሱ ከቀኝ ኋላ።

«እርገጪ!»
እረግጣለሁ።
«ያዢ!»
እይዛለሁ።
በቀጭን ቱቦ ዘይቱ ወደ ጠርሙስ ሲፈስ
ነጫጭ አረፋ ይወጣል፣ እንደ ሰው ሲተነፍስ።
ፔዳሉ እንደ ሊጥ ነው፤ እግሬ ይሰምጣል።
«ድገሚ፣ ዘይነብ፤ ገና ነው፤ ይወጣል።»

መግሪብ ሆነ። አዛን አለ። አረፋው ጠፋ።
«ጠርቷል እኮ!» ስለው፣ ደግሞ አዲስ ዘይት ደፋ።
እርገጪ። ያዢ። ልቀቂ።
ፔዳሉ ደነደነ፣ ድንጋይ የረገጥኩ መሰለኝ፤
«አንዲት አረፋ ናት ሙሄን የወሰደችው» አለኝ።

ሙሄ ወንድሙ ነው። ሌላ አልተናገረም፤
እኔም አልጠየቅኩም።

እሑድ ሰርገኛው ሲወርድ፣ ክላክሱ ሲደባለቅ፣
አሊጋዝ ሦስተኛው ጥምዝ ላይ ተቀምጦ ሲጠባበቅ፣
ቀይዋ መጣች፤ የኋላ መብራቷ በራ፤
ፍጥነቷ ሰከነ፤ ታጥፋ ወረደች፣ ከሌላው ጋራ።

ሱሪውን አራግፎ ተነሣ፣ ጢሙን ዳበሰ፤
በረጅሙ ተነፈሰ።