ጥያቄ ቁጥር አሥራ አራት

ሃያ ሁለት ገጽ ነው፤ በፌስታል ጠቅልዬ፣
ከሐምሌ ዝናብ ከብብቴ ከልዬ፣
ከአጂፕ በባጃጅ፣ የቀረውን በእግሬ፣
አዌቱን ተሻግሬ፣
ቆጪ ጓሮ ገባሁ፣ ጭቃ ተጫምቼ፣
«ከጤና ጥናት ነኝ» አልኩ፣ ባጄን አሳይቼ።

ኛሩዋች ከናሲር፣ በጋምቤላ በኩል፣
ሦስት ክረምት አለፋት፣ አንድ ክፍል ለሰባት ስታካፍል።
ልጇ ኛጋክ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው፤
አማርኛን ከትምህርት ቤት፣ ኦሮምኛን ከቦኖ ወረፋ ለቅማ
የእናቷ አፍ ሆናለች፣ የእኛም ጆሮ።
በጀታችን ላይ «አስተርጓሚ» የሚል መስመር አልነበረም።
ለተሳታፊ ግን ሁለት ሳሙና አለ።

የስምምነት ቅጹን አነበብኩላት፣
ሐምራዊውን ቀለም አቀረብኩላት፤
አውራ ጣቷን አየት አደረገችና መልሳ ሰበሰበች።
«ያኔም፣ ካምፕ እያለን፣ መጥተው ነበር፤
ከክንዴ ቀድተው ሄዱ፣ በትንሽ ብልቃጥ፣
በስሜ ፈንታ ቁጥር ለጥፈው።
ምን አለ ደሜ?
ልጅ ልኬ ቢሆን እንኳ እስከዛሬ ወሬው ይደርሰኝ ነበር።»
መመሪያዬን ገለጥኩ። ለዚህ የተጻፈ መልስ የለውም።
ሆኖም ፈረመች፤ ለእኔ አዝና ይመስለኛል።

ቁጥር አንድ፣ ቁጥር ሁለት… ስለ ሳል፣ ስለ ወባ፣
ስለ ጣራው ፍሳሽ፣ ማታ ጎርፍ ሲገባ።
ቁጥር አሥራ አራት፦
«በሕይወት የወለድሻቸው ስንት ናቸው?»

ኛጋክ ሳትጠይቅ መለሰች፤ «ሦስት ነን።»
«ጠይቂያት» አልኳት፤ ደንብ ነው።
ጠየቀች።
እናትየዋ አራት ጣት አነሳች።

ልጅቷ ጣቶቹን ቆጠረች፣
ደግማ ቆጠረች፣ እንደ ሒሳብ የቤት ሥራ፤
ከዚያ በቋንቋቸው አንድ ነገር አለች፣
አልተረጎመችልኝም፤
ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ ብቻውን አወራ።

መልስ ለሌለው ኮዱ ዘጠና ዘጠኝ ነው።
እጄ አልጻፈውም።

ቢሮ «ይህ ገጽ ጎድሏል» አሉኝ።
«እኛ ነን የጎደልነው» ማለት አማረኝ፣
ያልኩት ግን «ሴቶቹን እንጥራቸው» ነው።

መስከረም ላይ፣ ቀበሌ አዳራሽ፣ ወንበር ክብ ሠርተን፣
ኛሩዋች፣ ከኩርሙክ የመጣችው ሐዋ፣ ከባሬንቱ ለተንኪኤል፤
እስክሪብቶ ሰጠናቸው፣ ምሕረት አላደረጉም።
«ይኼ ይሰረዝ።»
«ይኼን ወንድ አይጠይቀን» አለች ሐዋ፣ እኔን እያየች።
«ግፊትሽ መቼ ጀመረ ትላላችሁ፤
ኪራዩ መቼ ጨመረ በሉና እሱን ጻፉ፣
ሁለቱ አብረው ነው የሚወጡት።»
ዶክተሩ ሳቀ። ማንም አልተከተለውም።
ጻፈው።
ኛሩዋች እስከ መጨረሻው ዝም ብላ ቆይታ
አሥራ አራትን በጣቷ ያዘች፦
«ይቺ ወደ ታች ትውረድ። በቋንቋዬ፣
ደሞዝ የሚከፈላት ሴት ትጠይቀኝ።
ልጅ አፍ ውስጥ መቃብር አይቆፈርም።»

ሃያ ሁለቱ ገጽ ዘጠኝ ሆነ።

ታኅሣሥ ላይ ውጤቱን ይዘን ተመለስን፤
ግማሾቹ ወደ ቡና ለቀማ ወጥተዋል።
ኛሩዋችን አገኘናት፤
አሁን የቀዳነው ደሟ ምን እንዳለ
በስሟ ጠርተን፣ በአፍ ነገርናት። የደም ማነስ ነው።
«ይኸው ነው?» አለች፤ «ይኼን እኔም አውቅ ነበር።»
እንክብሉን ግን ተቀበለች።

ኛጋክ ደጃፉ ላይ፣ በተሰረዙት ገጾች ጀርባ፣
የእህት ወንድሞቿን ስም ትጽፋለች፣ የራሷንም።
ሦስቱ አልቀዋል። አራተኛው ላይ እርሳሷ ቆሟል።
«እናቴ የነገረችኝ ድምፅ» አለች፣
«በፊደላችሁ የለም። በየትኛው ልጻፈው?»

ሀ ሁ ሂን በልቤ ዞርኩበት፤ ልክ ነበረች።
አጠገቧ ተቀመጥኩ።
«እስቲ እንደገና በይው» አልኳት።