የጎደለው ቆርቆሮ

ሐምሌ ገብቶ ነበር፤ ጅማ ሰማይ የላት፣
ደመና ነው እንጂ ከጅሬን የደፉላት።
የአዴ ሸሪፋ ቤት በስድስት በኩል ያፈስሳል፤
ጆጉን ሲደፉ ባልዲው ሞልቶ ይፈስሳል።

ክበባችን መጣ፦ አሥራ አንድ ሰው፣ ሁለት መሰላል፣
አንዱ የውሰት ነው፣ አንዱ ሲወጡበት ይላላል።
ሒሳብ ሹሙ ነጂብ ምስማር እንኳ ቆጥሮ ሰጠ፣
የተጣመመውን በድንጋይ እየቀጠቀጠ።

ወደ ማታ ግን አንድ ቆርቆሮ ጎደለ፤
ከአልጋቸው አናት ላይ ደመናው ብቻ አለ።
ካዝናው? አርባ ሁለት ብር። ዝናቡ? ቦዬ ደርሷል።
ነጂብ ባጃጅ ጠራ፤ «ተውት» አልን፣ «አኩርፎ ተመልሷል።»

ሲመጣ የተሸከመው የቢሯችንን ታፔላ ነው፣
ሦስት ወር አዋጥተን በቀይ ቀለም ያስጻፍነው።
ማንም አልተናገረም፤ መዶሻ ብቻ ደጋገመ፣
የመጨረሻው ምስማር የመጀመሪያውን ጠብታ ቀደመ።

ማንበብ አይችሉም። ትናንት ግን፣ በጀርባቸው ተኝተው፣
«ይሄ ቀዩ ምን ይላል?» አሉኝ፣ በጣታቸው አመልክተው።
ቀና አልኩ፤ ፊደሉ ተገልብጧል፣ ግማሹን ማገር ውጦታል።

«‹ሳይረጥቡ ይደሩ› ይላል» አልኳቸው።