ከአንድ እስከ አምስት

መውጫ ቀኔ ደርሶ፣ ቦርሳዬ ተዘግቶ፣
አንድ ቅጽ ሰጡኝ ከነእስክሪብቶ።
«በነርሶቻችን አገልግሎት ምን ያህል ረክተዋል?
ከአንድ እስከ አምስት ያክብቡ» ይላል።

ዛግሬብ ጉም ለብሳለች። ትራም ሲያልፍ ይሰማል።
ሠላሳ አንድ ዓመት ነድቻለሁ፤ ጆሮዬ ይለያል፤
ሾፌሩ የደከመ እንደሆን ከፍሬኑ ያውቃል።

በሦስተኛው ሌሊት ደወሉን ተጫንሁ።
ጎኔን ቢላ ይዞኛል። ጠበቅሁ።
አርባ ደቂቃ ቆጠርሁ።
ስትመጣ የምላትን አንድ በአንድ አሰናዳሁ፤
እንደ ጡረተኛ ወግ፣ ለክርክር ተሳልሁ።

መጣች ያድራንካ።
በካልሲዋ ነበር ለካ፣
ጫማዋን በእጇ ይዛ። እግሯ አብጦ እንቢ ብሏት፣
እኛንም ላለመቀስቀስ፤ ሁለት ምክንያት አላት።

ሠላሳ አራት አልጋ፣ አንዲት ሴት፣ አንድ ሌሊት።
ሦስት ነበሩ በፊት፤
አንዷ ደብሊን ሄደች፣ አንዷ ሙኒክ ገባች፣
የሦስቱን ቁልፍ ይዛ እሷ ብቻ ቀረች።

«ይቅርታ አቶ ዝቮንኮ፤ ከዳር ባለው ክፍል
አንድ ሰው ሲያጣጥር፣ ማን ጥሎት ይሄዳል?»
መርፌውን ስትወጋኝ እጇ አልተዛነፈም፤
ቃሏ ግን ግማሽ ላይ ቆሞ አልተጨረሰም።
ከኪሷ ብቅ ያለ ዳቦ፣ አንዴ የተገመጠ፣
ሁለተኛው ጉርሻ በደወል የተቋረጠ
(ያ ደወል የኔም ነው)።
ያሰናዳሁት ነገር ጉሮሮዬ ላይ ቀለጠ።

አንድ ክረምት፣ ሰው ጎድሎ፣ አሥራ ስድስት ሰዓት ነዳሁ፤
ኢሊጻ መታጠፊያው ላይ ፍሬኑን በድንገት ረገጥሁ።
አንዲት ሴት ወደቀች፤ እንቁላሏ ፈሰሰ፤
«ሰካራም!» ብላ ጻፈች፤ ደመወዜ ተቀነሰ።
የሥራ ሰሌዳውን ግን ማንም አልከሰሰ።

እንግዲህ ምን ላክብብ?
አንድ ብል፣ እሷን ጠርተው፣ እሷን ይወቅሳሉ።
አምስት ብል፣ «ይኸው፣ በአንድ ሰውም ይሠራል» ይላሉ፤
የቀረችውን ወንበር ከክፍሉ ያነሣሉ።
ለካልሲው ሳጥን የለው። ለዳቦውም የለው።

ቁጥሮቹን ተውኋቸው፤ ገለበጥሁት ቅጹን፣
በሚንጋደድ ፊደል ሞላሁት ጀርባውን፦
«ስለ እሷ አትጠይቁኝ። እኔ ልጠይቃችሁ፦
ማታ ማታ ስንት ሰው ነው የምትመድቡልን፣ እናንተስ የት ናችሁ?»

እስክሪብቷቸውን ይዤ ወጥቼ ኖሯል፤
ትራሙ ላይ ነው ያስተዋልሁ።
ሾፌሯ ወጣት ናት። ማቆሚያው ሲቃረብ ፍሬኗን አዳመጥሁ።
ደክሟታል።
ስወርድ፣ መስኮቷን አንኳኩቼ፣ «እግዜር ይስጥሽ» አልሁ።