አራት ከአስራ አራት

ሐሙስ ማታ፣ ኦፋኪም፣ ከሦስተኛው ፎቅ፣
ሐምራዊ ጎመን በድስት ሲንፈቀፈቅ፣
ሽታው ደረጃውን ሞልቶት፣ ጎረቤቴ ሪታ
«ምን ሞቶ ነው?» አለች በሯን ከፍታ።
«የቤት ሥራ ነው» አልኳት።
ልጄ ኢታማር አፈረ፤ አንገቱን ደፍቶ፣
በተሰባበረ እብራይስጥ ስመልስ ሰምቶ።

ሰባተኛ ክፍል ነው፤ ፈተናው እሁድ።
እኔ ከስምንተኛ ነው ትምህርት የተውኩት፤
አንድ መጽሐፍ ላምስት ነበር ያነበብኩት፤
«አሲድ» ያለበት ገጽ ተቀዶ ነበር፣
የማን እጅ እንደሆነ እስከ ዛሬ ምሥጢር።
ቀሪውን ያስተማረኝ ፋብሪካው ነው፣ ሌሊት፣
ኪያር በበርሜል የሚኮመጥጥበት ቤት፤
ውሃው ጓንቴን አልፎ ጣቴን ሲለበልበው፣
የተቀደደው ገጽ ያን ጊዜ ነው የተነበበው።

«አባ፣ ሑምጻ ምንድነው?»
አለኝ፣ መልስ ከኔ ሳይጠብቅ፣ እንዲያው ለወጉ።
«ኮምጣጣ ነገር።»
«እንደ ሖሜጽ?»
«እንደ ሆምጣጤ።»
ቀና አለ። ሁለቱን ቃል ባፉ አላመጠ፣
እንደ ሎሚ ልጣጭ አንዱን ባንዱ መጠጠ፤
«አንድ ናቸው እኮ!»
አዎ፣ አንድ ናቸው፤ የአንድ እናት ልጆች፣
መንገድ ላይ ተጠፋፍተው
ኩሽናችን ውስጥ የተገናኙ እህትማማቾች።

ከዚያ በኋላማ ማን ይቻለው!
አምስት የሻይ ብርጭቆ መስኮት ስር ደርድረን፣
የጎመኑን ውሃ በወንፊት አሻግረን፣
ሎሚ ጠብ ሲልበት፣ ፍም መሰለ፤
ሶዳ ሲነካው፣ ወደ ሰማይ ኮበለለ፤
ሳሙና ስንጨምር አረንጓዴ ሆነ፤
የቧንቧው ውሃ ግን፣ እንደ ዕርቅ ሽማግሌ፣
ላንዱም ሳያደላ መሐሉን ወሰነ።
«ለምን ቀለሙን ቀየረ?» አልኩት፤
መልሱን አውቄ አይደለም፣
ጥያቄውን ስለ ወደድኩት።
ገጽ አርባ ሁለትን እሱ ሲያነብ፣ እኔ ስጠይቅ፣
እሱ ሲተረጉም፣ ቃል ሲጠፋው፣ በእጁ ሲያስረዳኝ፣
ሰዓቴን ረሳሁት።

የሥራ ጃኬቴን ከወንበሩ ሳነሳ
«ቆይ!» አለ። በእጅጌዬ ላይ አንጠባጠበ፣
ሽታው በማይለቀው፣ ስንቴ በታጠበ።
ሐምራዊው ጠብታ
ትንሽ አመነታና
ሮዝ ሆነ።
ሪታ ግድግዳውን እስክትደበድብ ሳቅን።

ደብተሩን ስቦ ጻፈ፣
ከሎሚው በታች፣ ከሳሙናው በላይ።
የልጄ ጽሕፈት ለዓይኔ ይፈጥናል፤
«አንብብልኝ እስቲ» አልኩት።
«የአባቴ እጅጌ፦ አራት።»

ደነገጥኩ።
አራት? እኔ? ከአስር?
አስራ ስድስት ዓመት ሙሉ በርሜል ስገፋ ኖሬ?
«ማርክ አይደለም፣ አባ!» አለ፣ ምንጣፉ ላይ እየተንከባለለ፣
«ከአስራ አራት ነው። ንጹሕ ውሃ ሰባት ነው።
አራት ማለት... ኮምጣጣ ነህ፣
ግን አታቃጥልም።»

አውቶቡሱ አመለጠኝ።
በሚቀጥለው ሄድኩ፣
እጅጌዬን ሳላጥብ።