ለጊዜው

ጥቅምት ነው፣ ደብረ ብርሃን፣ ከሌሊቱ ስምንት፤
መስታወቱ ላይ ውርጩ ስሏል የዓሣ አጥንት።
እኔ ሁለት ካፖርት ደርቤ ስንቀጠቀጥ፣
ሰርቨሩ ቁና ቁና ይተነፍሳል፣ በላብ ሊቀልጥ።

ምዝገባው ሊዘጋ የቀረው አንድ ቀን፤
ሲደወል ነው የዋለ፣ «ኧረ እባክሽ እኛን!
ከሞላሌ ነው፣ ክቡ ይዞራል፣ ገጹ አልመጣም፤
ለካፌ የሚከፈል ሳንቲም ከኪሳችን አይወጣም።»
ከዓለም ከተማ ሌላ፣ ከደብረ ሲና ሌላ፤
አለቃዬም፦ «አጥፍተሽ አብሪው፣ ሌላው ይታያል ኋላ!»

አጠፋሁ። አበራሁ።
ለግማሽ ሰዓት ያህል እንደ ጨዋ ሠራ፤
ከዚያ ግትር አለ፣
እንደ በቅሎ፣ ጣርማበር ላይ ጉም ስትፈራ።

«ራብ ነው» አልሁ መቼም፤ ማኅደሩን ጨመርሁለት፤
ከሁለት ጊጋ አራት፣ ከአራት ስምንት አደረስሁለት።
የት እንዳስገባው እንጃ፤ በላው።

ቀጥዬ ጠረጠርሁ ቆሻሻ ሰብሳቢውን፤
ከማታ እስከ ሌሊት አነበብሁ መዝገቡን።
ምስኪን! የሄደበት የለም፤ ጠርጎ ይደፋል፣ ጠርጎ ይደፋል፤
ጽዳት የያዘ ሁሌም በሌላው ጥፋት ይለፋል።

የውቅሩን ፋይል ከፈትሁ። የማንያዘዋል እጅ ነው፦
«ገንዳው አሥር መስመር ይያዝ። ለጊዜው።»
ለጊዜው!
በዚህ አገር ለጊዜው የተባለ ነው ዕድሜ የሚጠግብ፤
ለጊዜው የተመታ ቆርቆሮ፣ ለጊዜው የተቀጠረ ዘብ
(ጋሽ አያልሰው፣ ይኸው አሥራ አንድ ዓመታቸው)፣
ለጊዜው ወለል ላይ የተጣለ ገመድ፣
ሁላችንንም በየተራ የጠለፈ።
ስሙም ማንያዘዋል! እውነትም ማን አዝዞት!
አዳማ ሄዷል አሉ፣ የኔን እንቅልፍ ይዞት።

አሥሩን ሃምሳ አደረግሁ። አጠፋሁ፤ አበራሁ።
አንድ ሰዓት ሙሉ ሠራ፤ በራሴ ኮራሁ፤
ጫማዬን አወለቅሁ፣ ወንበር አጋጠምሁ።
አሥር ሰዓት ከሩብ፦ ሃምሳውም አለቀ።

ያን ጊዜ ክሮቹን አስወጣሁ፤ ሁለት መቶ ክር።
(አባቴ ብርድ ልብስ ፋብሪካ ነበር፤
«የኔም ሥራ ክር ነው» ብለው ሳቀብኝ፣
«ሱፉስ የታል ልጄ?» ብሎ ጠየቀኝ።)
ሁለት መቶው በሙሉ አንድ በር ላይ ቆመዋል፣
አይጣሉ፣ አይገፋፉ፤ ዝም ብለው ይጠብቃሉ።
ልክ እንደ ጠባሴ እድር፦ ሃምሳ ድስት አልቆ ከመጋዘን፣
ሁሉም በውሰት ወጥቶ፣ የመለሰ ጠፍቶ፣
ባለ ተራው በሩ ላይ፣ ድንኳኑ ተተክሎ፣ ከነሐዘን።

ማነው የወሰደ? ማነው ያልመለሰ?
ኮዱን ገለጥሁ፣ ዓይኔ እስኪደፈርስ።
አንዲት አጭር ክፍል፣ የውጤት መፈለጊያ፤
ስሕተት ሲገጥማት በጓሮ ትወጣለች፣ የላትም መዝጊያ።
ሰላም ሲሆን የተዋሰችውን ትመልሳለች፤
ስትደነግጥ ግን ይዛው ትሮጣለች።
እንዲህ ያለውን የጻፈ ጣቱ ይድረቅ!
ልረግመው ተነሣሁ፣ ስሙን ፈለግሁ ከግርጌ፦
ተናኜ ሽብሩ። እኔው ነኝ፣ ከነማዕረጌ።
የዛሬ ሁለት ዓመት፣ ዓርብ፣ አውቶቡስ ሊያመልጠኝ ሲል፤
ከጎኑም በገዛ እጄ፦
«ለጊዜው።»

አንድ መስመር ናት። ቢሳካም ባይሳካም፣ የወሰድሽውን መልሺ።
ጻፍኋት።
አበራሁ፤ ቁጥሩን ዓይን ዓይኑን አየሁት፦
ሦስት ወጣ፣ ሦስት ገባ። ሰባት ወጣ፣ ሰባት ገባ።
ማራገቢያው ድምፁን ዝቅ አደረገ።
መስኮቱ ላይ የዓሣው አጥንት ከጅራቱ ይቀልጥ ጀመር፣
የመጀመሪያው ባጃጅ ሲጮኽ።

ጋሽ አያልሰው ቁልፋቸውን እያቅጨለጨሉ ገቡ፤
«ምን ኖሯል ልጄ?» አሉ።
«ውሰት ነው፤ የወሰደው አልመለሰም።»
«ሌባውስ ተያዘ?»
«ተይዟል» አልሁ።
ስሙን አልጠየቁኝም።

ለማንያዘዋል መልእክት ጀመርሁ፣ «ይቅርታ፣ ትናንት ማታ…» ብዬ፤
ተውሁት፣
ለጊዜው።