ሃምሳ

ለአንድ ሰዓት ሩብ ጉዳይ፣ ኢብሪ፣ ነሐሴ ላይ፣
ከመስታወቱ ሜዳ ተነሣች ፀሐይ።
ቀኑን ሙሉ ሰጥታን ሳትሰፍር ሳትለካ፣
ስትሄድ ስንብት የለም፤ እንዲህ ናት ለካ!
ሰው ከሥራ ገባ፣ ሶሃርም ሙስካትም፤
ማቀዝቀዣ ሲከፍት ወረፋ አይዝም።

ከፊቴ ቁጥሩ አለ፤ መሆን ያለበት ሃምሳ።
አርባ ዘጠኝ ነጥብ ዘጠኝ፤
ነጥብ ስምንት፤
እጄ ከስልኩ ላይ አልተነሣ።

ዛህራን፣ ሠላሳ ዓመት ተርባይን ያሽከረከረ፣
ወንበሩን አዙሮ ያን ወሬ ጀመረ፦
«የኔ ብረት» አለኝ «እሳቱ ቢጠፋም፣
መቶ ቶን ነውና እንዲህ ባንዴ አይቆምም፤
ይሽከረከር ነበር፣ እስክናስብበት።
ያንተ መስታወት ግን፣ ጥላ ሲያርፍበት፣
ያው መስታወት ነው፤ ፂምህን ተላጭበት።»

አልመለስኩለትም። ቁልፉን ተጫንኩ።

ቀን ያጎረስናቸው ነጫጭ ሣጥኖች፣
በአጥሩ ጥግ የቆሙ ዝምተኛ ባትሪዎች፣
ዕዳቸውን ከፈሉ፣ ዓይን ሳይርገበገብ፤
ከድንበር ማዶም ጎረቤት አበደረን፣ በነገ ሒሳብ።
ቁጥሩ ተንፏቀቀ። ነጥብ ዘጠኝ።
ቆመ፣ አሰበ መሰለኝ።
ሃምሳ።

በሙስካት አንድ አምፖል ብልጭ ድርግም አላለም፤
ከራቱ ቀና ብሎ ጣራውን ያየ የለም።
የኛ ሥራ እንዲህ ነው፣ ሲሠራ አይታይም፤
ካልጨለመ በቀር ስማችን አይጠራም።

ዛህራን ከመግሪብ ሶላት ተመለሰ፣
የሰበሰበውን እጅጌ እየለቀቀ።
«ሃምሳ?»
«ሃምሳ።»
ወንበሩን ሳበና ትንበያውን አየ፤
«ነገ» አለኝ «አቧራ አለ።»