ሻረው የመረጠው

የነሐሴ እሁድ ነው፤ ሱ ፎልስ በሙቀት
የባንቲን ጋራዥ በር አስከፍታ በጠዋት፣
የሣር ማጨጃውን ከጥግ አስጠግተን፣
የቀለም ባልዲውን ወንበር አድርገን፣
ስምንት ሆነን ተኮለኮልን።

ምርጫ ነው የምንለው። እንደ ለመድነው ግን
ውጤቱ ቀድሞ አልታተመም፤
ማን ማንን እንደሚወስድ
ከትርሲት በቀር የሚያውቅ የለም።

ተራ የሚያወጣልን የእቁቡ ጣሳ ነው፤
በየወሩ ብር፣ ዛሬ ሰው የምናወጣበት፣
ያው ክዳኑ የጎበጠ፣ ያው የተጠቀለለ ወረቀት።
አስናቀ እንደ ልማዱ ሦስቴ እፍ ብሎበት
ስምንተኛ ወጣለት።

ለማያውቅ ልንገር፦
በእጅ ታቅፈው የሚሮጡትን ኳስ
እዚህ አገር የእግር ይሉታል፤
እኛ ደግሞ ቁጭ ብለን ሯጭ እንመርጣለን፣
እሱ ሲሮጥ እንከብራለን፣
እሱ ሲወድቅ እንከስራለን፤
ላቡ የሱ፣ ጉራው የኛ።
ባንቲ ቡድኑን ብሎታል «ጅብ አይተኛ»፣
ትርሲት «የሌሊት ተረኛ»፣
እኔ «እግዜር ያውቃል»፤ ሻረው ባዶ ትቶታል።

ዋንጫችን ቦቲ ጫማ ነው፣ ወርቅማ ቀለም የተነፋ፣
ሻረው ከሥጋ ፋብሪካው ሲወጣ የሰጠን፣ የቀኝ እግሩ።
ሰባት ዓመት በአጥንት መለያው መስመር፣
አንድ ሌሊት በስብ ወለል፣
አንድ መንሸራተት።
የፋብሪካው ሐኪም «ድኗል» ብሎ ፈረመ፤
ጉልበቱ ግን አልፈረመም።
«ሻረው!» ብለን ስንጠራው
«መች ሻረና» ይላል፣ እየሳቀ።

የባንቲ ልጅ ኬና፣ ዐሥራ ሁለት ዓመቱ፣
ስልኩን እንደ ዳኛ ይዞ ዘጠና ሰከንድ ይቆጥራል፤
ከሁላችን በላይ የሚያውቅ እሱ ነው።
ትርሲት ከደብተሯ፣ በሦስት ቀለም ካሰመረችው፣
ቀና ሳትል የመጀመሪያውን ወሰደች።
ባንቲ ተሳደበ፤ እሱን ነበር ያሰበው።
እኔ ስሙ የጣመኝን መረጥኩ፤
ኬና አንገቱን ነቀነቀ፣ እንደ ታከተው መምህር።

አራተኛው ተራ የሻረው።
ሰዓቱ ይወርዳል። ሰማንያ። ስድሳ።
ማራገቢያው ወረቀቱን ያነሳል፣ ይጥላል።
ጉልበቱን አሸት አሸት አደረገና
«ያን ሯጭ» አለ፣ «አምና ኅዳር ላይ የወደቀውን።»

«ጋሼ፣ እሱ እኮ ጉልበቱ ተበጥሷል!»
«አውቃለሁ።»
«ዘንድሮ ላይጫወት ይችላል!»
«አውቃለሁ። ጻፈው።»

አስናቀ ሳቀ፤ ሳቁ ተጋባ፤ እኔም ሳቅሁ፤
«ጉልበት የሌለው ቡድን!» ያልኩት እኔ ነኝ፣
ከአፌ ሳይወጣ በፊት ጥሩ መስሎኝ ነበር።
ሻረው ቀዝቃዛውን ጠርሙስ ጉልበቱ ላይ አስደግፎ
«ጉልበትማ» አለ፣ «ያለን ሁሉ ሸጥነው፤
እሱ ቢያንስ በውድ ነው የሸጠው።»

ማንም አልመለሰ።
ኬና ሰሌዳው ላይ ጻፈው፣ በትልቁ፣
የሚቀጥለውም ተረኛ ተጠራ።

መስከረም መጣ፣ ጥቅምት መጣ፤ በየእሁዱ
ከዚያ ስም ፊት ለፊት ዜሮ።
ትርሲት በሁለት ደህና ሯጭ ለውጠኝ አለችው፤ እንቢ።
ተጠባባቂ ላይ ማስቀመጥ ሲችል
በየሳምንቱ አሰለፈው፤
የቡድኑን ስም እስከ ዛሬ አልሞላውም።

ታኅሣሥ፣ በረዶው የጋራዡን ደፍ ሲያልፍ፣
ያ ሰው ገባ። አንዴ ብቻ ኳስ ሰጡት።
አራት ያርድ።
ሻረው ግድግዳውን ይዞ ተነሳ፣
ሳምንቱን በዘጠና ነጥብ እየተሸነፈ።
ኬና አስልቶ ጻፈ፦ ዜሮ ነጥብ አራት።
«ይሄም ነጥብ ሆነና» አለ አስናቀ።
ሻረው አልተቀመጠም።
«በሩን ዝጉት» አለ ባንቲ፣ «ብርድ ገባ።»